ከአምስት ዓመት በኋላ ልጆቻችንን ማን ይመዝናል?

ለጤና ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተማሪዎች ክብደትና ቁመት በየዓመቱ እንዲለካ፣ ለከሱትም ከልክ በላይ ለወፈሩትም ልጆች መፍትሔ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች የምናስተምር የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እና የባዮሎጂ መምህራን፣ እንዲሁም የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላት ነን። ለመጻፍ ያነሳሳን በቅርቡ የተሰጠን መልስ ነው። የተማሪዎቻችንን ክብደትና ቁመት ለክተን መዝገብ እንድንይዝ እንዲፈቀድልን፣ ለሥራውም አንድ የጤና ባለሙያ እንዲመደብልን በጽሑፍ ጠይቀን ነበር። የትምህርቱ ጽሕፈት ቤት «ይህ የጤና ሥራ ነው፤ እኛን አይመለከትም» አለን። ወደ ጤናው ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ደግሞ «ከአምስት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በዕቅዳችን የሉም፤ በትምህርት በኩል አስፈጽሙ» ተባልን። ሁለቱም የነገሩን በእጃቸው ያለውን ዕቅድ ስለሆነ ስማቸውን ማንሳት አያስፈልግም። ክፍተቱ ያለው ዕቅዱ በሚወጣበት ቦታ ነው፤ ወደ እናንተ የመጣነውም ለዚህ ነው።

በአገራችን አንድ ሕፃን እንደተወለደ ይመዘናል። ለክትባት ሲመጣም ይመዘናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንዱን ዙሪያ በባለቀለሙ ጥብጣብ ትለካለች፤ ቀዩ ላይ ካረፈ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት የተገባ ቃል ነው። ይህ ሁሉ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ እንዲቀጥልም እንፈልጋለን። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ሚዛኑ ይርቀዋል። አንደኛ ክፍል ሲገባ የልደት ካርዱን እንጂ ክብደቱን የሚጠይቀው የለም። አራተኛ ክፍል ሲደርስም ሆነ ስምንተኛን ሲጨርስ እንደዚያው ነው። ሴት ልጅ ከሆነች፣ ቀጥሎ ሚዛን ላይ የምትወጣው ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ብሔራዊው ጥናትም ይኸው ክፍተት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መዝኗል፤ ከ15 ዓመት ጀምሮ ያሉትንም መዝኗል። ከ5 እስከ 14 ያሉት በመካከል ተዘለዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎቻችን በሙሉ ማለት ይቻላል የሚገኙት በዚህ በተዘለለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ስለ ሕፃናቱ መቀንጨር 38 በመቶ፣ ስለ ክብደታቸው ማነስ 24 በመቶ የሚል ቁጥር በየመድረኩ ይጠቀሳል። የሦስተኛ ክፍል ልጅስ? ብለን ስንጠይቅ ግን መልስ የሚሰጠን የለም።

የዓለም ሁኔታ ዝም የሚያሰኝ አይደለም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2000 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ከሆኑ ልጆች 13 በመቶ የሚጠጉት ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበረባቸው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አሁን የከሱት ወደ 9.2 በመቶ ሲወርዱ የወፈሩት 9.4 በመቶ ደርሰዋል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ከክብደት ማነስ ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሪፖርቱ ከዚህ ውጪ ያደረጋቸው ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካና ደቡብ እስያን ነው፤ እዚያ አሁንም የሚበዙት የከሱት ናቸው።

ይህን የሚያነብ ኃላፊ «እንግዲያው ውፍረት የእኛ ጉዳይ አይደለም» ሊል ይችላል። እኛ በየቀኑ የምናየው ሌላ ነው። በአገራችን ክሳቱ ሳይለቅ ውፍረቱ ደረበ። የራሳችን ጥናት ስለ ሴቶች የሚለውን ተመልከቱ፦ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ከመጠን በታች የከሱ ሴቶች ከ30 በመቶ ወደ 22 በመቶ ሲቀንሱ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ጨምረዋል። ከሁሉም በላይ የከሱት ደግሞ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ናቸው፤ 29 በመቶ። ከሦስት አንዷ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። እነዚህ ልጆች 15 ዓመት በሞላቸው ዕለት አልከሱም። የከሱት እኛ ክፍል ተቀምጠው፣ ማንም ሳይመዝናቸው ባለፉት ዓመታት ነው።

ቅሬታችንን ከከሱት እንጀምር።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለችን፤ ዕድሜዋ 13 ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁለት ዙር ሳትሮጥ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ወደቀች፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጥተን አስነሳናት። እናቷ ጤና ጣቢያ ወስዳ ስታስመዝናት ቁመቷ 148 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 31 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ክብደቱ በሜትር በተለካው ቁመት ካሬ ሲካፈል 14.2 ገደማ ይመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ባወጣው ሰንጠረዥ፣ ለ13 ዓመት ሴት ልጅ ከ14.9 በታች ከሆነ ከሲታ ትባላለች። ልጅቷ የብረት ክኒን ተሰጥቷት ተመለሰች። ቀጠሮም ክትትልም የለም፤ በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ የሚከፈት መዝገብ አልነበረምና።

ይህች ልጅ የትምህርት ቤት ምገባ ተጠቃሚ ናት። ታዲያ ለምን ከሳች? መልሱን የነገሩን መጋቢ እናቶች ናቸው። ምሳዋን ከግማሽ በላይ አትበላም። ወጡን በአንድ ጎን ትበላለች፤ ደረቁን እንጀራ አጣጥፋ በደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ትጠቀልልና ቦርሳዋ ውስጥ፣ በሒሳብና በአማርኛ ደብተሮቿ መካከል ታስገባለች። ቤት ትምህርት ያልጀመረ ታናሽ ወንድም አላት። እናቶቹ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ሌላ እንጀራ ይደርቡላታል። ይህን የምታደርግ ልጅ እሷ ብቻ አይደለችም፤ በየትምህርት ቤታችን አሉ። በምገባ መዝገብ ላይ ግን እያንዳንዳቸው «የበላ» ተብለው ምልክት ይደረግባቸዋል። ስንት ሳህን እንደቀረበ እንቆጥራለን፤ ልጁ ምን ያህል እንደጨመረ ግን አናውቅም። ምገባው ልጆችን ከመቅረትና ከማቋረጥ እንዳዳነ በዓይናችን ያየን ሰዎች ነን፤ የምንጠይቀውም ለሰውነታቸው ያስገኘው ውጤት እንዲለካ ነው።

የምግቡን ዓይነት በተመለከተ ረጅም ነገር አንጽፍም። ዳቦ በሻይ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ነው፤ ሆድ ይሞላል። እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ግን በእኛ ግቢ ብርቅ ናቸው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች፤ የመመሪያው ዋና ምክር ከተለያዩ የምግብ ምድቦች አሰባጥሮ መመገብ ነው። መመሪያው የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየንም።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበናል። ምገባው ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ልጁ ከሕፃንነቱ ወዲህ ለሁለተኛ ጊዜ በፍጥነት የሚያድገው በዚሁ አካባቢ ነው። ወንዶቹ በአንድ ክረምት ሱሪያቸው ያጥራቸዋል፤ ሴቶቹ የወር አበባ ማየት ስለሚጀምሩ የብረት ፍላጎታቸው ይጨምራል። ሰውነት ምግብ አብዝቶ በሚጠይቅበት ጊዜ ምሳው ይቋረጣል ማለት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን እንደሚሉን፣ በምሳ ሰዓት ከግቢ የማይወጡና ከዛፍ ሥር ተቀምጠው «አልራበኝም» የሚሉ ልጆች አብዛኞቹ ባለፈው ዓመት ምገባ ላይ የነበሩ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ለእነርሱ የእንቅልፍ ነው። ከሲታ ሆና ያደገች ልጃገረድ ነገ እናት ስትሆን ክብደቱ ያነሰ ሕፃን የመውለድ ዕድሏ ይሰፋል። ሕፃኑ ሲወለድ በሰቆጣ ቃል ኪዳን ሥር ለእሱ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ እናቱ ተማሪ ሳለች ግን ምሳዋ ተቋርጦ ነበር።

ወደ ወፈሩት እንለፍ። እዚህ ላይ ማኅበረሰባችንም የራሱ ድርሻ አለበትና በግልጽ እንናገራለን። በአገራችን የወፈረ ልጅ «ደላው» ይባላል። አያት ጉንጩን ቆንጥጣ «እሰይ፣ አማረበት» ትላለች። ረሃብን ያየ ሕዝብ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ክፍል ውስጥ ግን ያው ልጅ ቅጽል ስም ወጥቶለታል፤ ሩጫ ላይ መጨረሻ ይወጣል፤ ቀስ በቀስ «ጉልበቴን አሞኛል» ብሎ መውጣት ያቆማል።

በአንድ የግል ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል የሚማር የ10 ዓመት ልጅ አለ። እናቱ ወላጆች በተጠሩበት ቀን ወደ ስፖርት መምህሩ ቀረብ ብላ አንገቱን አሳየችው። ከማጅራቱ ጀምሮ ዙሪያውን ጠቁሯል፤ ቆዳው ወፈር ብሎ ከፋይ ጨርቅ ይመስላል። እናቱ እድፍ መስሏት ለወራት በሳሙናና በማሻሻ ስትፈትገው ቆይታለች፤ ልጁ እስኪደማ። እድፍ አልነበረም። እንዲህ ያለ የአንገት ጥቁረት ከልክ በላይ በወፈሩ ልጆች ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ መታዘዝ እንዳስቸገረው ምልክት ነው፤ ካልታረመ ወደ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሊያመራ ይችላል።

ልጁ ከዚያ በፊት ተመዝኖ ነበር ወይ ብለን ጠየቅን። በጉንፋን ምክንያት ክሊኒክ ሄዶ ተመዝኗል፤ 42 ኪሎ፣ 138 ሴንቲ ሜትር። ሲሰላ 22 ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ ከ18.5 እስከ 25 ያለውን «ጤናማ» ስለሚል እናትየዋ «ደህና ነው» ተብላ ተመለሰች። ያ ሰንጠረዥ የአዋቂዎች ነው። ለ10 ዓመት ወንድ ልጅ 18.5 ማለት ክብደቱ ከልክ ማለፍ የሚጀምርበት ወሰን ነው፤ ከ21.4 በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። አዋቂ ከሲታ የሚባልበት ቁጥር ለዚህ ልጅ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር ማለት ነው። ትክክለኛው ሰንጠረዥ ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በነፃ ይገኛል፤ አንድ ወረቀት ላይ ታትሞ በየክሊኒኩና በየትምህርት ቤቱ ሊለጠፍ ይችላል። ይህ አለመደረጉ በገንዘብ እጥረት የሚመካኝ አይደለም።

ልጁ ለምን ወፈረ የሚለው ጥያቄ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ይወስደናል። ጠዋት በሰርቪስ ይመጣል፤ ከሰዓት በሰርቪስ ይመለሳል። ምሳ ዕቃው ውስጥ ኑድል ወይም ፓስታ አለ፤ ለመክሰስ ብስኩትና የታሸገ ጁስ። የትምህርት ቤቱ ክበብ ችፕስ፣ ከረሜላ፣ ቦምቦሊኖና ለስላሳ ይሸጣል። በግማሽ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 50 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። ልጁ የቀኑን ድርሻ በአሥር ደቂቃ እረፍት ይጨርሳል። ቆሎ የምትሸጥ እናት ከበሩ ላይ በደንብ አስከባሪ ስትባረር እናያለን፤ በሩ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ላይ የተሰቀለው የለስላሳ ማስታወቂያ ግን አይነካም። የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ የመጠጥ ኩባንያ ዓርማ ያለበትም አይተናል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሳንቲም ያገኘ ልጅ ከበር የሚገዛው በጣም ርካሹን ነው፤ በጣም ርካሹ ደግሞ ዘይት፣ ጨውና ስኳር ነው። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ እንዲህ ባለ ምግብ ሲያድግ ቁመቱ ሳይጨምር ወገቡ ይሰፋል። አጭርና ወፍራም፣ ደሙ ግን ያነሰ ልጅ በክፍላችን አለ። ይህ ልጅ ከሲታ ነው ወይስ ወፍራም? አሁን ባለው አሠራር ከሁለቱም መዝገብ ውጪ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በለስላሳ መጠጦች ላይ 25 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ተጥሏል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተነሥቷል። መንግሥት ሲፈልግ ሊያደርግ እንደሚችል እነዚህ ሁለቱ ያሳያሉ። በትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ምን ይሸጥ፣ ምን አይሸጥ የሚል፣ ርእሰ መምህሩን የሚያስገድድ ደንብ ግን እጃችን አልደረሰም። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው፣ ቅባት ወይም ካሎሪ የበዛበት ምግብ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍበት፣ ምልክቱ ያለበትም በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ሜክሲኮም በ2025 ተመሳሳይ ምግቦችን ከትምህርት ቤት አስወጥታለች። ሁለቱም አገሮች ወደዚህ የደረሱት የልጆቻቸው ውፍረት ለመመለስ ከሚያስቸግርበት ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ ገና መጀመሪያው ላይ ነን፤ ዕድላችንም ይኸው ነው።

ስለ እንቅስቃሴ ደግሞ ሙያችን ስለሆነ ትንሽ እንቆይ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን የሚያተጋ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመከራል። እኛ የተመደበልን ክፍለ ጊዜ በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም፤ እሱም አይከበርም። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚወሰደው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ «ቲቶሪያል» ይደረግበታል። ለመኖሪያ ተብለው በተሠሩ ፎቅ ቤቶች ውስጥ የተከፈቱ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጭራሽ ሜዳ የላቸውም። አንዱ ባልደረባችን ቅርጫት ኳስን በጥቁር ሰሌዳ ያስተምራል፦ ሜዳውን በጠመኔ ይሥላል፣ መስመሮቹን ያስቆጥራል፣ በፈተና ይጠይቃል። ተማሪዎቹ የኳሱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ያውቁታል፤ አንጥረውት ግን አያውቁም። በእረፍት ሰዓት ግቢው ስለሚጠብ ልጆቹ በፈረቃ ነው የሚወጡት፤ መሮጥም የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ የትምህርት ቤት ፈቃድ እንዴት እንዳገኘ፣ ፈቃዱም በየጊዜው እንዴት እንደሚታደስ መልስ እንፈልጋለን።

«ልጅን በሰው ፊት መመዘን ያሳፍራል» የሚል መከራከሪያ ከወላጆችም ከኃላፊዎችም ሰምተናል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ በግድየለሽነት ከተሠራ ልጅን ይጎዳል። መፍትሔው ግን ሥራውን በጥንቃቄ መሥራት ነው። እንግሊዝ ከ2005/06 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ልጆችን ትምህርት ሲጀምሩና የመጀመሪያ ደረጃን ሲያጠናቅቁ ትመዝናለች። እዚያም ውጤቱ ለወላጅ እንዴት ይነገር የሚለው አከራክሯል፤ መለካቱ ግን አልቀረም። ጃፓን የተማሪዎቿን ቁመትና ክብደት በየዓመቱ ትመዘግባለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ደግሞ በትምህርት ቤት የሥነ ምግብ መምህር የሚመደብበት ሥርዓት ዘርግታለች።

«አቅም የለንም» ለሚለውም መልስ አለን። ብልሃርዝያ ባለባቸው ወረዳዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች መድኃኒት ሲታደል፣ መምህራን ልጆቹን አሰልፈው ምልክት ያለበት ዘንግ አጠገብ እያቆሙ ቁመታቸውን ይለካሉ፤ የክኒኑ ብዛት የሚወሰነው በዚያ ነው። ቁመቱን መለካት ከቻልን ሰልፉ መጨረሻ ላይ አንድ ሚዛን ማስቀመጥ አያቅተንም። ይህን ሥራ ማንም ሳይከፍለን ለመሥራት ፈቃደኞች ነን፤ መጀመሪያ ያስገባነው ማመልከቻም ይህንኑ የሚል ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከቅድመ አንደኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ በየዓመቱ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት እንዲለካ ሁለቱ ሚኒስቴሮች በጋራ መመሪያ እንዲያወጡ፤ ኃላፊነቱም የማን እንደሆነ በስም እንዲቀመጥ። ልኬቱ ከሌሎች ልጆች ዓይን ተከልሎ ይሁን፤ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ አይነበብ፤ ውጤቱ በታሸገ ወረቀት ለወላጅ ይድረስ። ከወሰን በታችም በላይም ለሚገኝ ልጅ የሚላክበት ጤና ጣቢያ የታወቀ ይሁን፤ ወላጅ «ልጅሽ ወፍራም ነው»፣ «ልጅህ ከሲታ ነው» ተብሎ ብቻ እንዳይሸኝ። የ5–19 ዓመት ሰንጠረዥ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ታትሞ ለየጤና ጣቢያው፣ ለየክሊኒኩና ለየትምህርት ቤቱ ይሰራጭ። በሚቀጥለው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉት ይካተቱ።

የምገባው ውጤት በሳህን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በልጆቹ ዕድገት እንዲለካ እንጠይቃለን። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንቁላል ወይም ወተት፣ በጾም ወቅት ደግሞ ተጨማሪ ጥራጥሬ፣ በየቀኑም አትክልት ይኑርበት። ምግብ ቋጥረው ወደ ቤት የሚወስዱ ልጆች ሳይቀጡና ሳይሳቀቁ ተለይተው፣ ቤተሰባቸው ከወረዳው የማኅበራዊ ድጋፍ ጋር ይገናኝ። ምገባው ወደ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ይለፍ፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተቻለ በልኬቱ ከተለዩት ይጀመር። ለልጃገረዶች በየሳምንቱ የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒን ባልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ይድረስ።

በትምህርት ቤት ክበብ ለስላሳ፣ ችፕስና ከረሜላ እንዳይሸጥ የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ፤ በምትኩ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ንጹሕ ውኃ ይቅረብ። ይህን የሚያዘጋጁ የአካባቢው እናቶች ከበር ከሚባረሩ ቦታ ይሰጣቸው። የመጠጥና የጣፋጭ ማስታወቂያ ከትምህርት ቤት ሰሌዳና አጥር ላይ ይነሣ።

የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለፈተና ዝግጅት እንዳይወሰድ በደብዳቤ ይታዘዝ። መጫወቻ ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ፈቃዱን ሲያድስ፣ በአቅራቢያው ካለ ሜዳ ጋር በጽሑፍ የተያዘ ውል እንዲያቀርብ ይጠየቅ፤ ካላቀረበ አይታደስለት።

በመጨረሻም፣ የመጀመሪያው ማመልከቻችን እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ሁለቱ ሚኒስቴሮች መመሪያ እስኪያወጡ ድረስ በየትምህርት ቤቶቻችን በሙከራ እንጀምር፤ አንድ የጤና ባለሙያ ይመደብልን። መዝገቡንና የተገኘውን ውጤት የልጆቹን ስም ሳንጠቅስ በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ለሁለታችሁም እናቀርባለን። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ከሁለቱም መሥሪያ ቤቶች በጋራ ፊርማ እንጠብቃለን፤ አንዱ ወደ ሌላው የሚመራን ደብዳቤ ግን አንቀበልም።

ከሰላምታ ጋር፣

የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህራን
የባዮሎጂ መምህራን
የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለወላጆች ሁሉ